ስንዴ የማይስማማው ምእመን

በፈረንሳይ ብሪታኒ ባክዊት ከሚባል እህል ዱቄት የሚጋገረው ጋሌት የተባለ ስስ ቂጣ፣ ስንዴ ካልተቀላቀለበት፣ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የለውም፤ ግሉተን የማይስማማው የሴሊያክ ሕመምተኛ ሳይሰጋ ይበላዋል። ታዲያ ይህ ዱቄት ለቅዱስ ቁርባን ለምን አይሆንም?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርጥ ያለ ነው፤ የቁርባን ኅብስት ከስንዴ ብቻ ይዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቫቲካን ያወጣችው ደብዳቤም ግሉተን ጨርሶ የሌለው ኅብስት ለቁርባን እንደማይሆን፣ ግሉተኑ የተቀነሰለት የስንዴ ኅብስት ግን እንደሚፈቀድ አረጋግጧል። በአሜሪካ ሚዙሪ የሚኖሩ የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳይያት እንዲህ ያለውን ኅብስት ያዘጋጃሉ። እሱም የማይስማማው ምእመን ከጽዋው ብቻ መቀበል ይችላል፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ከኅብስቱና ከወይኑ በአንዱም ሙሉው ክርስቶስ አለና።

ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም። በዮሐንስ ወንጌል አምስት ሺህ ሰው የመገበው እንጀራ የገብስ ነበር፤ ክርስቶስ የድሆችን እህል አልናቀም። በሌላ በኩል ምስጢር ከጌታ የተቀበሉት እንጂ እንደየፍላጎት የሚለውጡት አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም፣ ጤፍ በሞላበት አገር፣ ቤተልሔም በሚባለው የኅብስት ማዘጋጃ ቤት የምትጋግረው የስንዴ ኅብስት ነው። ይህ ታማኝነት ክብር ይገባዋል።

ክብሩ ግን ሕመምተኛውን ከማዕዱ ማራቅ የለበትም። በካቶሊክ ቅዳሴ ካህኑ የኅብስቱን ቁራሽ በጽዋው ውስጥ ስለሚጨምር፣ ለሕመምተኛው ቁራሽ ያልገባበት ሌላ ጽዋ ሊዘጋጅለት ይገባል።