ደግነት የሚጠየቀው ከማን ነው?

በ1990 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቻይና አንድ ድራማ በሚተላለፍበት ሰዓት የከተሞቹ ጎዳና ጭር ይል ነበር ይባላል። «ናፍቆት» ይሰኛል፤ ሃምሳ ክፍል አለው፤ አብዛኛው የተቀረጸው በቤት ውስጥ ነው፤ የሚተርከውም የቤጂንግ ሰፈርተኞችን ኑሮ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሊዩ ሁዪፋንግ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። በባህል አብዮቱ ዘመን ተጥላ የተገኘች ሕፃን ታሳድጋለች። ከልቡ የሚወዳትን የሥራ ባልደረባዋን ትታ ከተማረ ቤተሰብ የወጣውን ዋንግ ሁሼንግን ታገባለች። ጊዜ ጥሎት ሳለ ደግፋ ታቆመዋለች፤ ዘመን ተለውጦ የቤተሰቡ ክብር ሲመለስ ግን ለዚያ ቤት የማትመጥን ተደርጋ ትታያለች። ባሏ ያቺን ሕፃን አይወዳትም፤ ትዳሩም ይፈርሳል። በመጨረሻ የመኪና አደጋ ደርሶባት አልጋ ላይ ትውላለች። ልጅቷም የገዛ ባሏ እህት የጠፋባት ልጅ ሆና ስትገኝ፣ ያሳደገቻትን ለወለደቻት ትመልሳለች። በዚህ ሁሉ መሐል ሁዪፋንግ በማንም ላይ አትነሣም።

ሕዝቡ አለቀሰላት። ከፓርቲው ቁንጮ ባለሥልጣናት አንዱ የነበሩት ሊ ሩይኋን በ1991 መጀመሪያ አዘጋጆቹን ተቀብለው አመሰገኑ። እኔ ድራማውን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔም አልቅሻለሁ። እንባዬ ከደረቀ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፦ በዚያ ቤት ውስጥ ደግ እንዲሆን የተጠየቀው ሌላ ሰው ማን ነበር?

የግብረገብ ፍልስፍና አስተምራለሁ። ስለ ትዕግሥትና ስለ መሥዋዕትነት ለተማሪዎች ማስረዳት ሥራዬ ነው። ያደግሁትም በቀብር ላይ በሚነበብ የእናቶች የሕይወት ታሪክ ውስጥ «ሁሉን ችላ የኖረች» የሚል ሐረግ በማይጠፋበት አገር ነው። ስለዚህ ሁዪፋንግ ለእኔ የሩቅ አገር ሰው አይደለችም። የቻይና ድራማዎችን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ማየት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ከባድ የምግባር ጥያቄ እያነሡ እየጣሉ ሲሟገቱበት ኖረዋል፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚጠየቅ ደግነት፣ ደግነት ነው ወይ?

ጥንታዊው ሥርዓት ለዚህ መልስ ነበረው። ሴት ሳታገባ ለአባቷ፣ ስታገባ ለባሏ፣ ባሏ ሲሞት ለወንድ ልጇ ትታዘዛለች። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በሃን ሥርወ መንግሥት የኖረችው ታላቋ የታሪክ ጸሐፊ ባን ጃኦ ለሴቶች በጻፈችው የምክር መጽሐፍ ትሕትናንና ዝምታን ከፍ አድርጋ አስተምራለች። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሴት ልጆችም እንደ ወንዶቹ ይማሩ ብላ ተሟግታለች፤ ሚስቱን መምራት የሚሻ ባልም ለዚያ የተገባ መሆን አለበት ትላለች። በኮንፊውሺየስ ትምህርትም ግዴታው ሁለት ጫፍ አለው፤ ልጅ ልጅ እንዲሆን አባትም አባት መሆን ይገባዋል። ችግሩ ያለው ከሁለቱ አንዱ ሲያጎድል ነው። ልጅ ወይም ሚስት ስታጎድል የሚቀጣት ሞልቷል፤ አባት ወይም ባል ሲያጎድል ማን ይጠይቀዋል? የ1950ው የጋብቻ ሕግ ለዚህ ጥያቄ አንድ ትልቅ መልስ ሰጠ፤ አስገድዶ መዳርንና ዕቁባት መያዝን ከለከለ፤ ሴቲቱም ፍቺ መጠየቅ እንድትችል አደረገ። ሕጉ በሩን ከፈተ። ድራማዎቹ ግን በበሩ የምትወጣውን ሴት ለማክበር ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

በ2001 የወጣው «ከማያውቁት ሰው ጋር አትነጋገሪ» የተሰኘው ድራማ የመጀመሪያው ብርቱ ጥያቄ ይመስለኛል። አን ጂያሄ የተከበረ ሐኪም ነው፤ ለጎረቤት የትሑት ባል ምሳሌ፤ ማታ ሚስቱን ይደበድባል። ከዚያ በፊት ትዕግሥት ሲወደስ ሲሰማ የነበረ ተመልካች፣ በዚህች ሚስት ላይ ትዕግሥት ወደ መቃብር የሚነዳ መንገድ ሆኖ አየው። ቻይና የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚከላከል ራሱን የቻለ ሕግ ሥራ ላይ ያዋለችው ማርች 1 ቀን 2016 ነው። በድራማውና በሕጉ መካከል ያለፉት ዓመታት ለስንቷ ሴት ረጅም እንደነበሩ አስባለሁ።

መውጣት ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን ቀደም ብሎ በግልጽ የተናገረው ደራሲው ሉ ሹን ነው። በ1923 በቤጂንግ የሴቶች መምህራን ትምህርት ቤት ባደረገው ንግግር፣ የኢብሰን ተውኔት ጀግና ኖራ የባሏን ቤት በር ዘግታ ከወጣች በኋላ ምን ትሆናለች ብሎ ጠየቀ። ገንዘብ ከሌላት ወይ ትወድቃለች ወይ ትመለሳለች አለ። ብዙ ሳይቆይም ዚጁን የምትባል ልጅ ያለችበት አጭር ልቦለድ ጻፈ። ዚጁን ስለ ፍቅር ብላ ከዘመዶቿ ተጣልታ ትወጣለች፤ ድህነት ፍቅሩን ሲበላው ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ትሞታለች።

በ2017 ሻንጋይን መቼት አድርጎ የቀረበው «የሕይወቴ የመጀመሪያ አጋማሽ» የጀግናዋን ስም ሉዎ ዚጁን ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህቺ ዚጁን ባሏ «ሥራ ተዪ፤ እኔ አኖርሻለሁ» ብሏት ቤት የዋለች የተማረች ሴት ናት። አንድ ቀን ያው ባል ሌላ ሴት ወድዶ ፍቺ ይጠይቃታል። ዚጁን ጫማ መሸጫ ውስጥ ተቀጥራ በደንበኞች እግር ሥር እየተንበረከከች ኑሮዋን እንደገና ትጀምራለች። እነዚያ የጫማ ቤት ክፍሎች ከድራማው ሁሉ እውነተኞቹ ናቸው፤ ነፃነት የወር ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ክፍያና የሚያብጥ እግር እንዳለው ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ግን ድራማው ፈራ፤ ሁሉን የሚያውቅ ሀብታም ወንድ አምጥቶ እጇን አስያዛት፤ ያውም የቅርብ ጓደኛዋን ፍቅረኛ። ለሉ ሹን ጥያቄ ግማሽ መልስ ብቻ ሰጠ።

ወደ ልቤ የቀረበው ግን ሌላ ነው። ናንጂንግ ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር የአንዲት አሮጊት ቤት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እንደ አገሬው «አዪ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። በጥጥ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ሠርተው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ ተቀንሰው የወጡ ናቸው። በ2019 የጸደይ ወራት «ሁሉም ደህና ነው» የተባለው ድራማ በጂያንግሱ ጣቢያ ሲጀምር አብረን እናይ ጀመር። አዪ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈሉ፣ ያልገባኝን ቃል ቀለል አድርገው ይደግሙልኛል።

ታሪኩ የሱጆው ከተማ ሰዎች የሆኑት የሱ ቤተሰብ ነው። እናቲቱ ጃኦ ሜይላን ለበኩር ልጇ የአሜሪካ ትምህርት ከቤታቸው ክፍል ትሸጣለች፤ ለሁለተኛው ወንድ ልጅም አትሰስትም። ሴቷ ሚንግዩ በትምህርቷ የላቀች ሆና ሳለ ወጪዋ እንዳይከብድ ክፍያ ወደሌለው የመምህራን ኮሌጅ ትመደባለች። አባቲቱ ሱ ዳቺያንግ ሁሉን እያየ ዝም ይላል። ሚንግዩ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከቤተሰቡ ተለይታ በራሷ ጥረት ሀብታም ትሆናለች። እናትየው ስትሞት አባት ከዝምታው ወጥቶ ሰፊ ቤትና በእጅ የተፈጨ ቡና የሚያምረው ሽማግሌ ይሆናል። ሁለተኛው ወንድም ደግሞ ሚንግዩን ክፉኛ ይደበድባታል።

ድራማው እናትየውን ጭራቅ አድርጎ አልተዋትም። ወጣት ሳለች የምትወደው ነበራት። ወንድሟ የከተማ ነዋሪነት ምዝገባ እንዲያገኝ ሲባል ከማትወደው ከሱ ዳቺያንግ ጋር አጋቧት። ለመፋታት ስትነሣ ሚንግዩን ፀንሳ ተገኘች፤ ቀረች። ይህ ክፍል ሲያልቅ አዪ የያዙትን ፍሬ ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። «የመጀመሪያ ደመወዜን ለእናቴ ሰጠሁ፤» አሉኝ። «ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ወንድሜ ሚስት ሊያገባ ነበር። አመሰግናለሁ ያለኝ ሰው የለም፤ ሴት ልጅ እኮ ነኝ።»

ፍልስፍና ያስተማሩኝ መጻሕፍት ያላሳዩኝን ያን ማታ አየሁ። ከሜይላን ደግነት ሳትፈቅድ ተወሰደ፤ ለወንድም፣ ለቤተሰብ ክብር። ተገድዶ የተወሰደው ነገር በውስጧ ደግነት ሆኖ አልቀረም፤ መራራ ሆነ፤ ያንኑም ከሴት ልጇ ጠየቀች። እሷ የከፈለችውን ሌላዋ ሳትከፍል እንድታልፍ አልፈቀደችም። ስለ ሴት መሥዋዕትነት የምንናገረው ውዳሴ ሁሉ ይህን የኋላ ዕዳ ይረሳል። በግድ የሚሰጥ ሰው አንድ ቀን ከሱ በታች ካለው ያስመልሳል።

የመጨረሻው ክፍል መጣ። አባት የመርሳት በሽታ ይዞታል። ሚንግዩ ሥራዋን ትታ ታስታምመዋለች። ቤቱ ጠፍቶበት ሲንከራተት ታገኘዋለች፤ ለትንሿ ሚንግዩ የጥያቄ መልመጃ መጽሐፍ ሊገዛ መውጣቱን ይነግራታል። በልጅነቷ ጠይቃ የተከለከለችው ነው። ታቅፈዋለች። አዪ አለቀሱ፤ እኔ ተናደድኩ።

«አዪ፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም እኮ!» አልኩ። በእኛ አገር በሽምግልና ወግ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ይሰማሉ፤ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ እርቅ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን በሽታ ባለዕዳውን ከመንገድ አነሣው፤ ባለገንዘቧ ብቻዋን ቀረችና ዕዳውን ራሷ ሰረዘች። ይህ ደራሲው ያቃለለው እርቅ ነው አልኳቸው።

አዪ ዓይናቸውን ጠርገው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ያ መጽሐፍ ይቅርታው ነው። ሚስቱን ረሳ፣ ቤቱን ረሳ፤ የእሷን መጽሐፍ ግን አልረሳም። ከዚህ በላይ እንዴት ይመን? እሷም የተመለሰችው ለእሱ ብላ አይደለም። እሱ ሲሞት ቂሙ ለእሷ ብቻ ይቀርባት ነበር።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ለረጅም ጊዜ አስቤያለሁ። አዪ ስለ ይቅርታ የተናገሩት እውነት ነው። ይቅርታ አንድ ሰው ብቻውን ሊሰጠው የሚችል ስጦታ ነው፤ የበደለው ሰው ቢሞትም፣ ቢረሳም ይሰጣል፤ ሰጪውንም ነፃ ያወጣል። ሚንግዩ አባቷን ይቅር ማለቷ የሚያስከብራት የራሷ ቤት፣ የራሷ ገንዘብና የመውጫ በር ስላላት ነው። ሁዪፋንግ ያልነበራት እሱ ነው። መቅረትም መሄድም የምትችል ሴት ስትቀር መቅረቷ ሥራዋ ነው፤ መሄድ የማትችል ሴት ስትቀር ግን መቅረቷን በጎነት ብለን መጥራት የእሷን ችግር የእኛ ጌጥ ማድረግ ነው።

ያም ሆኖ ድራማው ከይቅርታ አልፎ ሄዷል። አባትን የማስታመሙን ሸክም ለሦስት ልጆች ማካፈል ሲችል፣ ሥራዋን እንድትተው ያደረገው ቀድሞ የተነፈገችዋን ነው። እናት ያልሰሰተችላቸው ወንድሞቿ ምን ያህል ተጠየቁ? ይቅርታ የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ግን የቤቱ ሁሉ ሥራ ነው። አንዷ ይቅር ስላለች የቤቱ ሕግ ሳይለወጥ ከቀጠለ፣ ይቅርታዋ ለቀጣይዋ ሴት ልጅ አዲስ ቀንበር ይሆናል፤ «እሷ ይቅር ብላ የለም እንዴ?» ይባላልና።

የቻይና ወጣቶችም በየቤታቸው ይህን ሒሳብ የሚያሰሉ ይመስለኛል። በ2013 በአገሪቱ ከ13.4 ሚሊዮን በላይ ጥንዶች ጋብቻቸውን አስመዘገቡ፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 6.1 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። የወጣቱ ቁጥር መቀነስና የኑሮ ውድነት ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከ2021 ጀምሮ በስምምነት ለመፋታት ያመለከቱ ባልና ሚስት ሠላሳ ቀን እንዲጠብቁ የሚያዝ ድንጋጌም በሥራ ላይ ነው። በሩ ከባድ የሆነበት ቤት ውስጥ መግባትም ያስፈራል። ሰዎች ወደ ትዳር እንዲመጡ የሚሻ ማኅበረሰብ ሴቶቹን ቻዮች ሁኑ ከማለት ይልቅ ቤቱን መኖር የሚቻልበት ቢያደርገው ይሻለዋል።

ለተማሪዎቼ አሁን የምነግራቸው ይህን ነው። ስለ አንዲት ሴት ትዕግሥት ታሪክ ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። መሄድ ትችል ነበር? የበደላት አምኗል? ያንኑ ያህል ደግነት ከእሷ ሌላ ከማን ተጠየቀ? ለሦስቱም መልስ ካለ ታሪኩን በሙሉ ልባችሁ አድንቁ፤ ትልቅ ሰው አይታችኋል። መልስ ከሌለ ግን አድናቆታችሁን አቆዩትና፣ በዚያ ቤት እስካሁን ምንም ወዳልተጠየቀው ሰው ፊታችሁን አዙሩ። ደግነት የሰው ልጅ ሁሉ ግዴታ ከሆነ፣ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።