ሰማንያ ሲቀደድ የቤት ዕዳና የልጅ ቀለብ

ባልና ሚስት ሲለያዩ የቤታቸው ዕዳና የልጆቻቸው ቀለብ ከጋብቻው ጋር አብረው አይፈርሱም። በሸዋ አነጋገር ፍቺን «ሰማንያ መቅደድ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ የሚቀደደው ሁለቱ እርስ በርስ የተዋዋሉበት ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ ከባንክ ጋር የተፈረመው የብድር ውልም ሆነ ወላጅ ለልጁ ያለበት ግዴታ እንደነበረ ይቀጥላል። በደብረ ብርሃን በደመወዝ እየኖሩ ቤት የሠሩ፣ በአንኮበር ገጠርም መሬትና ከብት ይዘው ጎጆ የወጡ ወጣቶች ትዳራቸው በማይጠገን ሁኔታ ሲፈርስ ከሁሉ አስቀድመው ሊያስተውሉት የሚገባው፣ እነዚህ ሁለት ግዴታዎች የየራሳቸው ባለመብት ያላቸው መሆኑን ነው፤ የዕዳው ባለመብት አበዳሪው፣ የቀለቡ ባለመብት ደግሞ ልጁ ስለሆነ፣ አንዱን ከፍሎ ከሌላው ነጻ ወጣሁ ማለት አይቻልም። ከፍቺ በኋላ የሚነሣው አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁለቱን ሒሳብ በአንድ ከረጢት ከመጨመር ነው።

ቀለብ በሕግ አነጋገር እህል ብቻ አይደለም፤ ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ያጠቃልላል። ደብረ ብርሃንና አንኮበር በሚገኙበት በሰሜን ሸዋ ይህን ጉዳይ የሚገዛው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ሲሆን፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ሁለቱም የተመሠረቱት ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው፣ በፍቺም ጊዜ የልጆች ጥቅም ሊጠበቅ እንደሚገባ በሚደነግገው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ስለሆነ መሠረታዊ መርሆዎቻቸው ተቀራራቢ ናቸው። የጋራ ንብረት የሚባለው በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት ነው፤ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢወጣም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተደርጎ ይገመታል። የጋራ ዕዳ ደግሞ ለትዳሩ ጥቅም፣ ማለትም ለባልና ሚስቱ ወይም ለልጆቻቸው ኑሮ የተገባ ዕዳ ሲሆን፣ ሁለቱ «በአንድነትና በነጠላ» ይጠየቁበታል፤ ይኸውም አበዳሪው ሙሉውን ገንዘብ ከሁለቱም ወይም ከመረጠው ከአንዱ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚረዳው። ባንኩ የፍቺው ተከራካሪ ስላልሆነ፣ ባልና ሚስቱ በሽማግሌ ፊት «ከእንግዲህ ብድሩን እርሱ ይከፍላል» ብለው ቢስማሙ፣ ስምምነቱ በሁለቱ መካከል ይጸና እንደሆነ እንጂ ባንኩ በጽሑፍ ካልተቀበለው በቀር የሌላኛውን ፊርማ ከብድር ውሉ ላይ አያነሣም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር በመያዣ የያዙትን ቤት፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ክስ መመሥረት ሳያስፈልጋቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ተኳርፈው «እርሷ ትክፈል»፣ «እርሱ ይክፈል» እየተባባሉ ጥቂት ወራት የሚያሳልፉ ሰዎች የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው፤ ልጆቹም ያደጉበትን ቤት ያጣሉ። ከባንክ ሳይበደሩ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የሠሩ የደብረ ብርሃን ነዋሪዎችም ቢሆኑ ዕዳ የለብንም ብለው መቀመጥ የለባቸውም፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ የተያዘ ቦታ ከቅድሚያ ክፍያው በኋላ በየዓመቱ የሚከፈል ቀሪ ዋጋ ሊኖረው ስለሚችል፣ ይህም እንደ ባንክ ብድር ሁሉ በክፍፍሉ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ፍቺው ገና በፍርድ ቤት ሳለ እንኳ ማን ቤቱ ውስጥ እንደሚቆይ፣ የልጆቹ ጥበቃና ቀለብ እንዴት እንደሚሆን፣ ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ የወሩ ክፍያ የፍርዱን ቀን ስለማይጠብቅ ይህን ጥያቄ ለነገ ማለት አያዋጣም።

ቀጥሎ የቀን ነገር አለ። ጋብቻው በሕግ እስካልፈረሰ ድረስ የባልም ሆነ የሚስት ደመወዝ በመሠረቱ የጋራ ገቢ ስለሆነ፣ ተለያይተው በሚኖሩበት ጊዜ አንደኛው ከደመወዙ የከፈለው የብድር ክፍያ ከጋራ ገቢ እንደተከፈለ ይቆጠራል፤ ከፍቺው ውሳኔ በኋላ የሚገኘው ደመወዝ ግን የግል ነው፤ ከእርሱ ለጋራ ዕዳ የተከፈለውም በክፍፍል ጊዜ ሊታሰብ የሚገባው ሒሳብ ይሆናል። በመሆኑም ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ይዞ ከዚያ ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን የባንክ ደረሰኝ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሁለቱ ግዴታዎች የሚገናኙበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም መጠለያ ነው። ልጆቹ የሚኖሩበትን ቤት ብድር የሚከፍል ወላጅ «ጣሪያቸውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ» ቢል ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ያው ክፍያ የእርሱንም ድርሻ እያዳነለትና ዕዳውን እየቀነሰለት ስለሆነ እውነቱ ሙሉ አይደለም። ነገሩን በቁጥር ለማየት፣ የወር ክፍያው 6,000 ብር የሆነ ቤት ይታሰብ። ከፍቺው ውሳኔ በኋላ እናት ከሁለት ልጆች ጋር በቤቱ ስትቀር፣ አባት ወጥቶና ሌላ ቤት ተከራይቶ ሙሉውን 6,000 ብር ቢከፍል፣ ዕዳው እኩል የሁለቱ እስከሆነ ድረስ 3,000 ብሩ የገዛ ዕዳውን የከፈለበት ስለሆነ ይህን በልጆቹ ቀለብ ስም ሊቆጥረው አይገባም። መነጋገሪያው በእናቲቱ ፈንታ የከፈለው ሌላው 3,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ወይ በክፍፍል ጊዜ የሚመለስ ሒሳብ አድርጎ መመዝገብ፣ ወይ ለልጆቹ መጠለያ የተሰጠ የቀለብ አካል ነው ብሎ መስማማት ይቻላል፤ በዓመት 36,000 ብር የሚደርስ ስለሆነ ሳይወሰን የሚተው አይደለም። በየወሩ ቀለብ ነው ብሎ አስቆጥሮ፣ ቤቱ በሚሸጥበት ቀን ደግሞ ይመለስልኝ ማለት ግን ከልጅ አፍ መንጠቅ ነው። መጠለያው በዚህ መንገድ ቢሸፈን እንኳ ምግቡ፣ ልብሱ፣ የትምህርት ቤቱ ወጪና ሕክምናው ገና አልተነኩም። በአንጻሩ እናቲቱም በቤቱ ስትቀመጥ በአባት ድርሻ ጭምር እየተጠለለች መሆኑን አምና፣ ይህ ጥቅም ምን ያህሉ ለልጆቹ፣ ምን ያህሉ ለራሷ እንደሆነ በቅንነት ብትነጋገር ነገሩ ሳይካረር ያልቃል።

የቀለቡ መጠን በኢትዮጵያ ሕግ በቀመር አልተተመነም፤ ዳኛው የተቀባዩን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም አመዛዝኖ ይወስናል፣ ሁኔታው ሲለወጥም በአቤቱታ ሊጨምረው ወይም ሊቀንሰው ይችላል። በእንግሊዝ አገር በአንጻሩ ለመደበኛው የገቢ ደረጃ ከከፋዩ ወላጅ ገቢ ለአንድ ልጅ 12፣ ለሁለት 16፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ 19 በመቶ ተብሎ የተቀመጠ ስሌት አለ፤ የቀድሞውን የጋራ ቤት ብድር የሚከፍል ወላጅ ስሌቱ እንዲሻሻልለት የሚጠይቀውም፣ ልጁ በቤቱ የሚኖርና ከፋዩ በቤቱ ላይ ምንም መብት የሌለው ሲሆን ነው። ይህ ሁለተኛው ደንብ ለኢትዮጵያውያንም የሚጠቅም አስተሳሰብ ነው፤ የቤቱ ግማሽ ባለቤት የሆነ ሰው ለራሱ የሚያጠራቅመውን ለልጁ እንደሰጠ አድርጎ እንዳያስቆጥር ይጠብቃልና። በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎችና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ተቀጥረው ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በአሠሪው በኩል ሊቆረጥበት የሚችለው 3,000 ብር ነው፤ በፈቃዱ የሚቆረጠው የብድር ክፍያ ይህን ስፍራ አስቀድሞ ከያዘው፣ ለቀለብ የሚቆረጥ አይተርፍም። ልጅ በዕዳ ሊቀደም የሚገባው ስላልሆነ፣ ሠራተኛው የብድሩን ክፍያ ራሱ ባንክ ሄዶ እንዲከፍል፣ ሲሶውም ለቀለቡ እንዲተው ማድረግ የተሻለ ነው። አቅም እያለው ሆነ ብሎ ቀለብ የሚከለክል ወላጅ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 እንደሚጠየቅም መታወቅ አለበት።

በአንኮበር ገጠር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ቤቱ ራሱ በባንክ መያዣ የሚያዝበት ጊዜ እምብዛም ነው፤ የትዳሩ ዕዳ ለበሬ፣ ለማዳበሪያ ወይም ለበግ ርቢ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ገንዘብ ነው፤ አበዳሪውም ለረጅም ዘመን አብቁተ ተብሎ ሲታወቅ የኖረውና በኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም ሊሆን ይችላል። የቡድን ዋስትና ማለት አንዱ አባል ሳይከፍል ሲቀር ጓደኞቹ ስለ እርሱ የሚጠየቁበት ውል ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ዕዳውን ሳይከፋፈሉ ቢበተኑ ሸክሙ ጎረቤት ላይ ይወድቃል። መሬቱን በተመለከተ የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ስም ያለበት ስለሆነ ሁለቱም ባለይዞታዎች ናቸው፤ ሴቲቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቀዬ ብትመለስ ይዞታዋን ትታ ሄደች ማለት አይደለም። የወር ደመወዝ ለሌለው ገበሬ በየወሩ ብር ይክፈል ብሎ መወሰን ውሳኔውን ወረቀት ላይ ያስቀረዋል፤ ገብሱና ባቄላው ከአውድማ ሲገባ ይህን ያህል ኩንታል ለልጆቹ ይሰጣል፣ ለመስከረም ትምህርት መጀመሪያ ደግሞ የአንድ በግ ሽያጭ ለደብተርና ለልብስ ይውላል ብሎ መስማማት ግን ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው። ስምምነቱ የእህሉን ዓይነትና መጠን፣ የሚሰጥበትን ወር፣ ሰብሉን ውርጭ ወይም በረዶ ቢመታው ምን እንደሚደረግ ጭምር መናገር ይኖርበታል።

ሽማግሌዎች ሊያስታርቁም ሊያስማሙም ይችላሉ፤ ይህ ሥራቸው የተከበረ ነው። ነገር ግን በብዙ የሽምግልና ጉባኤ የሚሰማው «ቤቱን ያዢ፣ ልጆቹን ውሰጂ፣ ከዚያ ወዲያ አትጠያየቁ» የሚለው መቋጫ ሊወገዝ የሚገባው ነው። እናት የራሷን ድርሻ መተው ትችላለች፤ የልጇን ቀለብ ግን በቤት ልትለውጥ አትችልም፣ አባትም ድርሻውን ትቶ በመውጣቱ ከልጁ ዕዳ አይፈታም፤ ለሽያጭ የሚቀርበው መብት የተደራዳሪዎቹ ሳይሆን በጉባኤው ያልተቀመጠው የሕፃኑ ነውና። ባልና ሚስት ተስማምተው የፍቺ ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤት ሲያቀርቡም፣ ዳኛው ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን አጽድቆ ስለ ልጆቹ ያለውን ራሱ ማስተካከል ይችላል። ስለዚህ በአንኮበሯ ጎረቤላም ሆነ በደብረ ብርሃን በሽማግሌ የተጨረሰ ነገር በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይገባል፤ በቃል የቀረ ቀለብ፣ በተለይ ከፋዩ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ በማስረጃ ዕጦት ይጠፋል።

በሚጻፈው ስምምነት ውስጥ ቤቱን ማን እንደሚይዝና እስከ መቼ፣ የወሩን ክፍያ ማን በየትኛው ሒሳብ እንደሚያስገባ፣ ቀለቡ ስንት እንደሆነና የኑሮ ውድነቱ ሲጨምር በስንት ጊዜ እንደሚታይ በየራሱ መስመር መቀመጥ አለበት። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የሁለቱ ግዴታዎች ዕድሜ ነው፤ 20 ዓመት የሚከፈል ብድር በተፈረመበት ዓመት አምስት ዓመቱ የነበረ ልጅ፣ 18 ሞልቶት ለአካለ መጠን ሲደርስ ሰባት ዓመት ክፍያ ገና ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ እናት ቤቱን ጠቅልላ የአባትን ድርሻ ትገዛ እንደሆነ፣ ቤቱ ተሸጦ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ቀሪው እኩል ይከፈል እንደሆነ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ወጪውን ሁለቱ እንዴት እንደሚጋሩት፣ ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ሳለ መጻፍ ይኖርበታል።