ጭምብሉና ባለቤቱ

በቴሌቪዥን መስኮት አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ የላስቲክ ጭምብል ነው፤ ጭምብሉ ደግሞ አገር ያወቀውን አንድ ድምፃዊ ይመስላል። ጠያቂው በድምፃዊው ስም ይጠራዋል፤ እሱም ‹‹አቤት›› ብሎ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ፍቅሩ፣ ስለ ሙዚቃው ያወራል። የሚለው ሁሉ ፈጠራ ነው። ጠያቂውም፣ ተጠያቂውም፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚስቀው ተመልካችም ይህን ያውቃሉ። ታዲያ ማንም ያልተታለለበት ሐሰት ማንን ሊበድል ይችላል? ብዙ ሰው ጥያቄውን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ቃለ መጠይቅ ምንድን ነው? ሰው በገዛ ስሙና በገዛ አንደበቱ ስለ ራሱ የሚናገርበት አደባባይ ነው። ሐሜት ስለ ሰው የሚነገር ነው፤ ቃለ መጠይቅ ግን ከራሱ ከሰውየው የሚሰማ ነው። ስለዚህ የአንድን ዘፋኝ አዘፋፈን ወይም አረማመድ አስመስሎ ማሳቅ አንድ ነገር ሆኖ፣ በእሱ ስም ተቀምጦ ‹‹እኔ›› ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ‹‹እሱ እንዲህ ነው›› የሚል ቀልደኛ የራሱን አስተያየት ይሰጣል። ‹‹እኔ እንዲህ ነኝ›› የሚለው ግን የባለቤቱን ወንበር ይዟል።

ሁለት ምሳሌዎች ላቅርብ። ሁለቱም የእንግሊዝ ቀልደኞች ሥራ ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1978 ኤሪክ አይድል ከሙዚቀኛው ከኒል ኢንስ ጋር ሆኖ ‹‹ራትልስ›› የሚባል፣ በእውኑ ዓለም ያልነበረ የሙዚቃ ጓድ ፈጥሮ ታሪኩን እንደ እውነተኛ ዘጋቢ ፊልም ለቴሌቪዥን አቀረበ። ቢትልስን የሚያውቅ ሰው በማን ላይ እንደተቀለደ ለመለየት ደቂቃም አይፈጅበት። ሚክ ጃገርና ፖል ሳይመን በገዛ ስማቸው ቀርበው ስላልነበረው ጓድ ኮስተር ብለው ትዝታቸውን ያወጋሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከአራቱ ቢትልሶች አንዱ የነበረው ጆርጅ ሃሪሰን በፊልሙ ውስጥ መገኘቱ ነው። ፀጉሩን አሸብቶ፣ ማይክሮፎን ጨብጦ፣ ጋዜጠኛ ሆኗል። በጓዱ ኩባንያ ደጃፍ ቆሞ ስለ ዝርፊያው ወሬ ሲጠይቅ፣ ተጠያቂው ነገሩን እያስተባበለ ሳለ ከኋላቸው ዕቃው አንድ በአንድ ተሸክመውት ይወጣሉ። የቢትልስ ኩባንያ አፕል እንዴት ይመዘበር እንደነበር ለሰማ ሰው ይህ ተራ ፌዝ አይደለም። ነገሩ የደረሰበት ሰው ራሱ እዚያ ቆሞ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ ‹‹ቦ ሰሌክታ›› ነው። ሊ ፍራንሲስ የሚባል የሊድስ ልጅ ከ2002 ጀምሮ በቻናል ፎር ያቀርበው የነበረ የቀልድ ዝግጅት ሲሆን፣ ስሙም የተገኘው ክሬግ ዴቪድ ከዘፈነበት የ1999 ዜማ ነው። ክሬግ ዴቪድ በደቡብ እንግሊዝ የወደብ ከተማ በሳውዝሃምፕተን ያደገ፣ አባቱ ከካሪቢያኗ ግሬናዳ የመጣ ድምፃዊ ነው። በ2000 የመጀመሪያ አልበሙ በእንግሊዝ አንደኛ ሲወጣ ገና 19 ዓመቱ ነበር። በጭምብሉ ውስጥ ያለው ክሬግ ግን በሰሜኑ በዮርክሸር ቅላፄ የሚናገር፣ የፕላስቲክ ጭልፊት ይዞ የሚዞር ቂል ነው፤ የቀረውን ለጨዋነት ስል እተወዋለሁ። ከዚህ ውስጥ የዘፋኙ የሆነው የቱ ነው? ቅላፄው የቀልደኛው የራሱ አገር ቅላፄ ነው። ጭልፊቱ ከየትም የመጣ ነው። ከባለቤቱ የተወሰደው ስሙ፣ የቆዳው ቀለምና የፂሙ አቆራረጥ ብቻ ነው።

ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቀልድ ለስላሳ፣ ሌላው መራራ መሆኑ አይደለም፤ የራትልስም ቀልድ ይመራል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰዎቹ የሠሩትንና የደረሰባቸውን አጋኖ አሳየ። ሁለተኛው ሰውየውን ከስሙ አስወጥቶ ሌላ ፍጡር አስገባበት። ማጋነን የትችት ወገን ስለሆነ የተተቸው ሰው ሊከራከርበት ይችላል። በሌላ ፍጡር የተተካ ሰው ግን ምን ብሎ ይከራከራል? ‹‹እኔ እኮ ጭልፊት የለኝም›› ቢል ይበልጥ ይሳቅበታል እንጂ ማን ይሰማዋል?

‹‹ዝና የፈለገ ሰው ይቻለው›› የሚሉ አሉ። ሰውየው ለአደባባይ ያቀረበው ዘፈኑን ነው፤ በዘፈኑ ይቀለድበት፣ አልተቃወምኩም። ከዚህ ጠንከር ያለው ክርክር የነፃነት ክርክር ነው። ቀልድ ፈቃድ መጠየቅ ከጀመረ፣ መጀመሪያ ፈቃድ የሚነፍጉት ባለሥልጣናት ይሆናሉ። ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሳንሱር ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ አስረጂ አያሻውም። ስለዚህ ሕግ ይከልክል አልልም። ይሁንና ሕግ ያልከለከለውን ሁሉ ህሊና ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ባለሥልጣን ሲቀለድበት ሥልጣኑ ይቀርለታል። ገና ሃያ ዓመት የሆነው ዘፋኝ ግን ከስሙ በቀር ምን አለው? ስሙ እንጀራው ነው።

‹‹እሱ ራሱ አብሮ ይስቅ አልነበረም ወይ?›› የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። አዎ፣ ክሬግ ዴቪድ በዚያ ዘመን በአደባባይ ስቋል። ውስጡ ምን ያህል እንደተጎዳ የተናገረው በኋላ ነው። ታዲያ ሳቁ ፈቃድ ነበር? ቢስቅ ‹‹ይኸው፣ ቀልዱን ወዶታል›› ይባላል፤ ባይስቅ ‹‹ኩራተኛ ነው›› ይባልና የቀልዱ ቀጣይ ክፍል ይሆናል። ሁለቱም በሮች ወደ አንድ ክፍል የሚያስገቡ ከሆነ፣ ሰውየው መርጦ ገባ አይባልም። ይኸው ሰው በ2005 ባወጣው አልበም ውስጥ በተማሪ ቤት ስለሚደርስ ማዋከብ የሚናገር ዘፈን አለ። ተማሪ ቤት የዋለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቅጽል ስም የወጣለት ልጅ አብሮ ይስቃል፣ ካልሳቀ ይብስበታልና።

በአዝማሪ ቤት ቢሆን ኖሮ የተነካው እንግዳ ‹‹ተቀበል!›› ብሎ የገዛ ግጥሙን ይሰጥ ነበር፤ ያው ማሲንቆ ለእሱም ይታዘዝለታል። የአዝማሪ ነገር የቱንም ያህል ቢቆጠቁጥ ጨዋታ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ይመስለኛል። ቴሌቪዥን ግን ‹‹ተቀበል›› የሚሉት አዝማሪ አይደለም።

በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ በተገደለ ሰሞን፣ ሊ ፍራንሲስ በኢንስታግራም ቀርቦ፣ እንባ እየተናነቀው፣ ጥቁር ሰዎችን በጭምብል በማስመሰሉ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን ማቃለል አልፈልግም፤ የቆዳው ጉዳይ ትልቅ ጉዳይ ነው። ግን ዝግጅቱ ከተጀመረ 18 ዓመት አልፎ ነበር፤ አባቶች የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ክሬግ ዴቪድም ከመጀመሪያው በኋላ ሌላ አልበሙ በእንግሊዝ አንደኛ ለመውጣት እስከ 2016 ጠብቋል። ይህ ሁሉ በቀልዱ የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የሙዚቃ ገበያ ብዙ ምክንያት አለው። የምለው ቀልደኛው ሥራው ሲያልቅ ጭምብሉን አውልቆ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ባለቤቱ ግን ያንኑ ፊት ይዞ መንገድ እንደሚወጣ ነው።

መንገድ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ቀልደኛው አይደለም፤ እኛ ተመልካቾቹ ነን። ስሙን በጭምብሉ ቅላፄ የሚጠራው ማንም ያላዘዘው፣ ደመወዝም ያልተከፈለው ተመልካች ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለቀልደኛው ብቻ መተው አልወድም። እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲያልቅ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሳቁ ውስጥ ስለ ሰውየው አንዳች እውነት አየሁ ወይ? ካየሁ ቀልዱ ሥራውን ሠርቷል፣ ቢመርም ይምረር። ካላየሁ ግን የሳቅኩት በዚያ ሰው ሥራ አይደለም። ከወንበሩ ተነስቶ በመቆሙ ነው።