ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ቃርሚያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፥ አዳም በገነት የተቀመጠው ምድርን እየሠራ እንዲንከባከባት ነበር እንጂ ፍሬዋን ብቻ እየለቀመ እንዲኖር አልነበረም።

ዛሬ ጭሮ የምንላትን አሰበ ተፈሪን ያቀኑት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ከማርቀቃቸው በፊት በአውሮፓ የእርሻን ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። አሁን ግን በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ ዙሪያ ብዙ ማሳ ጫት ለብሷል። ጫት ገንዘብ ያመጣል፤ ብዙ ቤትም በእርሱ ይተዳደራል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ወጣቱ ከዚያ ቅጠል የሚማረው መሸጥን ብቻ ነው። በጾም ወራት እንኳ ጎመን ከገበያ የምንሸምት መሆናችን ያሳፍራል!

ስለዚህ የአጥቢያ ካህናት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥቂት መሬት ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይክፈሉ። መደብ ማውጣትን፥ ውኃ መቆጠብን፥ ያልበሰበሰ ፍግ የችግኝን ሥር እንደሚያቃጥል አረጋውያን ያሳዩአቸው።

ከመትከል ይልቅ የሚከብደው ማካፈሉ ነው። የሙሴ ሕግ ገበሬው የእርሻውን ዳር ሳያጭድ ለድኃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል። ቦዔዝ ሩት ሞዓባዊት መሆንዋን እያወቀ ከማሳው አላባረራትም፤ ከዘርዋም ዳዊት ተወለደ። በምዕራብ ሐረርጌ ጎረቤታችን ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ነው። ልጆቹ የመጀመሪያውን ምርት ሲያነሡ አንዱ ዘንቢል ወደ እርሱ ደጅ ይሂድ፤ እስኪለምን ሳይጠበቅ፥ ስብከትም ሳይታከልበት።

የጎመን ችግኝ በሰኔ ከተተከለ፥ በነሐሴ ለጾመ ፍልሰታ ቅጠሉ ለመቀንጠስ ይደርሳል፤ ዘንቢሉም ያን ጊዜ ይሞላል።