ፎቶግራፍ ስለ ማንሣትና ስለ ሰው ክብር

በአዲስ አበባ ክረምቱ ሲያልፍ እሸት በቆሎ በከሰል የምትጠብስ ሴት በየመንገዱ ዳር ትታያለች። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው የበቆሎውን ዋጋ ይከፍላል፤ መልኳን ግን ሳይጠይቅ ይወስዳል። ይህ ይገባልን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛም፥ እንዳይሸጥም ያዛል፤ በአንቀጽ 28 ግን ለትምህርት ጥቅም ወይም በአደባባይ ስለ ተደረገ ነገር የተነሣ ሲሆን ይፈቅዳል። ዳሩ ግን ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ኅሊና አይፈቅድም። ፍሙን ማራገቧ፥ በቆሎውን ሳያር ማገላበጧ ጥበብ ነውና መታሰቢያ ይገባዋል፤ ሠርታ የምታድረውን ሴት እንደ ለማኝ አድርጎ ማሳየት ግን ክብሯን መግፈፍ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ እንቢ ብትልም በቆሎውን ገዝቶ፥ አመስግኖ መሄድ ነው።