ለታማኝ ግንበኛ ውል ስድብ ነውን?



ቤቱን ለማሳደስ ግንበኛ የጠራ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት «እስቲ በጽሑፍ እናድርገው» ቢል ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ታዲያ አታምነኝም ማለት ነው?» የሚል ነው። ባለቤቱም ያፍርና ዝም ይላል። ግንበኛው አብሮ የሚሰግድ የሰፈር ሰው ወይም የዘመድ ዘመድ ከሆነማ የወረቀት ነገር ጨርሶ አይነሳም። ገንዘቡ ይቆጠራል፤ ቢስሚላህ ተብሎ አሮጌው ቆርቆሮ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ የሚደርሰውን ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ግንበኛው ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ቀን ይቀራል። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ክረምት ይገባል፤ ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው ያድራሉ። ወይም ደግሞ ሥራው ያልቃል፣ ቀለሙም ያምራል፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ልስኑ እየተላጠ ይወርዳል፣ ሊሾው ይሰነጠቃል። ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋር በምን ልክ እንደተቦካ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ለመሆኑ ሕግ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል ይግባ? ሁሉንም ግንበኛ እንደ ተጠርጣሪ ቆጥሮ ቀብዱን ቢገድብበት፣ ፈቃድ ቢጠይቀው፣ ዋስትና ቢያስገባው ታማኙን ሰው መበደል አይሆንምን? አማና የልብ ጉዳይ ሆኖ ሳለ በአንቀጽ ማስገደድስ ይቻላልን?

የኢጃራን ባብ ስናቀራ ደረሶች ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸውም መሠረት አለው። በፊቅህ ሠራተኛ በመሠረቱ አሚን ነው፤ በእጁ ያለው ንብረት ያለ ጥፋቱ ቢበላሽ አይከፍልም። ይሁንና ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ማቅለሚያ ቤት ያለውንና አንጥረኛውን ለተረከቡት ዕቃ ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር፣ የሰዎች ጉዳይ ያለዚህ እንደማይቃናም ያስረዱ እንደነበር ይወራል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሠራተኛው አሚን ነው በሚለው ሲጸኑ፣ ሁለቱ ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን መከላከል የማይቻል አደጋ ካልሆነ በቀር ይክፈል ብለዋል። ማሊኪዮችም ዕቃ ተረክቦ የሚሠራውን ባለ እጅ ተጠያቂ አድርገዋል። የአንደሉሱ ሊቅ ሻጢቢ ምክንያቱን ሲያብራሩ፣ ሰው ያለ ባለ እጅ መኖር እንደማይችል፣ ባለ እጁም ዕቃውን ይዞ ከባለቤቱ ዓይን እንደሚርቅ፣ ተጠያቂ ካልሆነ ወይ ሥራው እንደሚቀር ወይ የሰው ገንዘብ እንደሚጠፋ ያስረዳሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ብያኔው የመጣው ባለ እጆች ሁሉ ሌቦች ናቸው ተብሎ አይደለም። አንደኛው ወገን የሚያየውን ሌላው ማየት ስለማይችል ነው። በርግጥ ነገሩ የጨርቅና የወርቅ ነው፤ ቤት ግን እንደ ጨርቅ ታዝሎ ወደ ሱቅ አይሄድም። ነገር ግን ከልስኑ በታች ያለውን ማን ያየዋል? የኤሌክትሪኩ ሽቦ ከኮርኒሱ በላይ፣ ቧንቧው ከሴራሚኩ በታች ነው። ባለቤቱ እቤቱ ተቀምጦ ሳለ ሥራው ከዓይኑ የራቀ ነው። ጫማ ቢከፋ ይመለሳል፤ የፈረሰ ግድግዳ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህም ነው ግንበኛው ሥራውን አጋምሶ «ጭማሪ ካልሰጣችሁኝ አልቀጥልም» ሲል ቤተሰቡ እጁን የሚሰጠው።

ይህ የዘመናችን ተንኮል ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1329 የሞቱት ግብፃዊው ኢብኑል ኡኹዋህ ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፍ ስለ አናጢዎችና ስለ ግንበኞች የተለየ ክፍል አላቸው። የገበያና የሥራ ተቆጣጣሪው ሙሕተሲብ ሊጠነቀቅባቸው ከሚገቡት ነገሮች አንዱ፣ ባለሙያው መጀመሪያ ወጪውን አሳንሶ ተናግሮ ባለቤቱን ካስጀመረ በኋላ እጥፍ ድርብ ማስወጣቱ ነው፤ በዚህም የተነሳ ባለቤቱ በዕዳ ተዘፍቆ ቤቱን ሳይጨርስ ሊሸጥ እንደሚችል ጽፈዋል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈውን ይህን ነገር ዛሬ ያልደረሰበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ።

በዘመናችን ነገሩን በዝርዝር ሕግ ካወጡበት አገሮች አሜሪካ አንዷ ናት። በካሊፎርኒያ ለቤት እድሳት የሚወሰደው ቀብድ ከውሉ ዋጋ አሥር በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ የለበትም። ባለቤቱ ከፈረመ በኋላም በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት ቀን ሆኗል። ይህን ስሰማ የታወሰኝ ሒባን ኢብኑ ሙንቂዝ (ረ.ዐ.) ናቸው። ጭንቅላታቸው ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት በገበያ ይታለሉ ስለነበር፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲገበያዩ ማታለል እንዳይኖር አስቀድመው እንዲናገሩ እንደነገሯቸውና የሦስት ሌሊት ምርጫ እንደሰጧቸው ተዘግቧል። ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች የምርጫን ጊዜ በሦስት ቀን የገደቡት ከዚህ ተነስተው ነው። ለሚታለል ሰው የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ደግሞ ቀብድ ከዋጋው ሲሶ መብለጥ የለበትም። የእድሳት ሥራ ፈቃድ ያላቸው ተቋራጮች ገንዘብ የሚያዋጡበት የዋስትና ፈንድም አለ፤ የተጎዳ ባለቤት ከዚያ እስከ 30,000 ዶላር ሊካስ ይችላል። ፈቃድ በሌለው ሰው ለተጎዳ ግን ፈንዱ አይከፍልም። እንግዲህ «የአገሬ ልጅ ነው፣ ያለ ፈቃድ በርካሽ ይሠራልኛል» ብሎ የተዋዋለ ሰው የታመነው ሰው ቢከዳው የሚጠጋበት የለውም። ዝምድናው ሊጠብቀው ሲገባ ከጥበቃው አወጣው።

በአገራችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሠራው ግንባታ አሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። ጥሩ ሕጎች ናቸው። ችግሩ ሁለት ቀን ሠርቶ የጠፋን ሰው ከመነሻው ሊያታልል አስቦ እንደነበረ ማስረዳት ከባድ መሆኑ ነው፤ አሸዋ አራግፏል፣ ግድግዳ አፍርሷል፣ «ጀምሬ ነበር» ይላል። ስለዚህ ጉዳዩ የውል ክርክር ይሆናል። ውሉ የታለ ሲባል ደግሞ የለም። የአሥር ዓመት ዋስትናም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ ካልታወቀ ምን ይጠቅማል? የቀብድን ልክ የሚወስንና ለተጎዳው ቶሎ የሚደርስ ሕግ ቢኖረን ያሰኛል። ነገር ግን ለፈቃዱ የሚጠየቀው ክፍያ ከበዛ፣ መዶሻና ማንኪያ ብቻ ያለው ድሃ ግንበኛ ከሥራው ይወጣል፤ ሥራው በሙሉ ለባለ ብዙ ገንዘብ ይሆናል። ይህንንም መዘንጋት ግፍ ነው።

ደግሞስ በዳዩ ሁልጊዜ ግንበኛው ነውን? «መስኮት ጨምርልኝ፣ በሩን ወደዚህ አዙርልኝ» እያለ አሠርቶ በመጨረሻ «የተነጋገርነው ይህን ያህል ነው» የሚል ባለቤት ስንት ነው! የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ደመወዙ ይከፈለው የሚለውን ሐዲስ የማያውቅ የለም፤ የመጨረሻውን ክፍያ በማዘግየት ግን ስመ ጥር ሰዎች ሳይቀሩ ይታማሉ። ወረቀቱ ለግንበኛው የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የቁርኣን ረጅሙ አያ፣ የአል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ስለመጻፍና ስለማስመስከር የወረደ ነው። አያው የወረደው ለሙእሚኖች መሆኑን ልብ በሉ፤ ሶሓቦችም ተጠረጠርን ብለው አልተቀየሙም። ከሥራ በፊት የተከፈለ ቀብድስ እስኪሠራበት ድረስ በግንበኛው አንገት ላይ ያለ ዕዳ አይደለምን?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በሳዑዲና በዱባይ በሰው ቤት እየሠሩ የእናታቸውን ቤት ለማሳደስ ገንዘብ የሚልኩት እህቶቻችን ናቸው። ከፋዩዋ ሪያድ ናት፤ ተቆጣጣሪው ወንድም አገር ቤት ነው፤ ግንበኛው የወንድም ጓደኛ ነው። እርሷ የምታየው በስልክ የሚላክ ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደገባ አይናገርም። ወንድም ሆይ፣ ጓደኛህን አምነኸው ይሆናል፤ የምታምንበት ገንዘብ ግን የአንተ አይደለም። የሥራው ዓይነት፣ የዕቃው ልክ፣ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚለቀቅና ሥራው የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፤ ቅጂው ለእህትህ ይላክ። ሲነበብም እናትህ ትስማ፤ ጣሪያው ቢያፈስ ሳህን እያነሳች የምትደቅነው እርሷ ናት።