ያልታየው ዳር የማን ነው?

ሰው ባየው ነገር ይጠየቃል። አይቶ ዝም ያለ፣ አይቶ ያለፈ፣ አይቶም የመሰከረ እያንዳንዱ እንደ ሥራው ይመዘናል። ባላየውስ? የብዙ ሰው ፈጣን መልስ «ባላየው አይጠየቅም» የሚል ነው። ይህ መልስ በብዙ ጉዳይ ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሰው ሳያይ የሚወስደው፣ ወስዶም የራሱ የሚያደርገው ነገር ሲኖር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ፎቶግራፍ ከዚህ ዓይነቱ ነገር አንዱ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የመረጠው ግስ «ማንሣት» ነው። የወደቀ ዕቃ ይነሣል፤ ጉዳይ በሸንጎ ይነሣል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። የወደቀ ዕቃ ያነሣ ሰው «የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አላየሁትም» ብሎ ሊመልስ አይችልም፤ በእጁ ነውና። በፎቶግራፉ ውስጥ የሚገኘው ሰው ደግሞ «ተነሺ» ይባላል። ቦታው ለሌላ ጉዳይ ተፈልጎ ከቀዬው እንዲለቅ የሚደረገውም ሰው በዚሁ ስም ይጠራል። የሁለቱ ዕጣ እጅግ የተራራቀ ቢሆንም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ውሳኔው የሌላ ሰው ነው።

ይህን ጥያቄ ግልጥልጥ አድርጎ ከሚያሳዩት መሣሪያዎች አንዱ በጡጫ ውስጥ የሚደበቅ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በካሜራ ራስ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ መመልከቻ። ሬንጅፋይንደር በሚባለው የካሜራ ዓይነት ፎቶ አንሺው የሚያየው በሌንሱ በኩል አይደለም፤ ከሌንሱ ከፍ ብሎ ወደ ጎን በተቀመጠ ሌላ መስኮት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ላይካ ኤም 3 በዚህ መስኮት ውስጥ የ50፣ የ90 እና የ135 ሚሊ ሜትር ሌንሶችን ድንበር በብርሃን መሥመር ያሳይ ነበር። ኋላ የመጡት ሞዴሎች 35ን፣ ቆይቶም 28ን ጨመሩ። ከዚያ ለሚሰፋ ሌንስ ግን የካሜራው መስኮት በአብዛኛው አይበቃም። ስለዚህ ባለ 21 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚገዛ ሰው የሌንሱን ስፋት የሚያሳይ ሌላ መስኮት ገዝቶ ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ ላይ መትከል ይኖርበታል።

ምርጫው ብዙ ነው። ለአንድ ሌንስ ብቻ የተሠራ አለ፤ ለብዙ ሌንስ የሚያገለግልም አለ። ላይካ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሁለገብ መመልከቻ ከ16 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ያሉትን አምስት ስፋቶች በአንድ ዕቃ የሚያሳይ ሲሆን ውኃ ልክም አለው። አንዳንዱ መመልከቻ ከብረት፣ አንዳንዱ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። አንዱ ክፈፉን በብርሃን መሥመር ያሰምርና ከመሥመሩ ውጭ ያለውንም ጭምር ያሳያል፤ ሌላው ዳሩን በጥቁር ከልሎ ውስጡን ብቻ ያሳያል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ከመስኮቱ ስለሚርቅ የክፈፉ ማዕዘኖች ይሰወሩበታል። ገዢውና ሻጩ ስለ ዋጋ፣ ስለ ክብደትና ስለ ጥራት ይነጋገራሉ። ከንግግራቸው ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ግን ከእነዚህ መስኮቶች አንዱም ሌንሱ የሚያየውን በትክክል የማያሳይ መሆኑ ነው። መመልከቻው ከሌንሱ በላይ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሁለቱ በቅርብ ባለ ነገር ላይ አይስማሙም፤ ይህ ፓራላክስ ይባላል። ክፈፉም በአብዛኛው ከሚወጣው ሥዕል ጠበብ ተደርጎ ይሰመራል፤ አንሺው የፈለገው ነገር ተቆርጦ እንዳይቀርበት ነው። ከዚህ የተነሣ በፊልሙ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በመስኮቱ ከታየው ይበልጣል። እንግዲህ መመልከቻ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው አብሮት የሚኖረውን ስሕተት ነው ማለት ይቻላል።

የስፋቱ መጠን በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ባለ 21 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ጎን 81 ዲግሪ ያህል ያያል። 2 ሜትር ርቆ የቆመን ሰው የሚያነሣ ባለ ካሜራ በሰውየው ግራና ቀኝ 3 ሜትር ከ40 ያህል ስፋት አብሮ ይወስዳል። የብርሃን መግቢያውን በ8 ላይ፣ ርቀቱን በ2 ሜትር ላይ ቢያደርግ ደግሞ ከ1 ሜትር ገደማ አንሥቶ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። በጠባብ ሌንስ ዳር የቆመ ሰው ብዥ ብሎ ሊሰወር ይችላል። በሰፊው ሌንስ ግን መሰወሪያ የለም፤ እንዲያውም ከዳር የተገኘ ፊት ይለጠጣል፤ ከባለቤቱ መልክ ይርቃል። ያልተፈለገው ሰው ገብቶ ብቻ ሳይሆን ተጣሞም ይወጣል።

ይህ ስፋት በጅቡቲ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ነዋሪው አያጣውም። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ፕላስ ምኒልክ እያለ በሚጠራው የጁን 27 አደባባይ ቅስቶች ሥር አንድ የቡና ጠረጴዛ የሚያነሣ ሰው ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ጠረጴዛዎችም ያነሣል። ጫት የምትሸጠውን ሴት የሚያነሣ ገዢዎቿንም ይወስዳል፤ ከገዢዎቿም መካከል በዚያ ሰዓት እዚያ መገኘቱ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ይኖር ይሆናል። ባሕሩን የሚያነሣ የወደቡን ክሬን ወይም የጦር መርከብ በዳር ሊያስገባ ይችላል፤ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና ከ2017 ወዲህ የቻይና ጦር ሠፈር ባለባት ከተማ «አላየሁትም» የሚለው መልስ ለጠባቂው አይበቃውም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በኦቦክ በኩል ባሕር ለመሻገር ቀኑን የሚጠባበቅ ወጣት፣ ወረቀት ሳይኖራት በሰው ቤት የምትሠራ ሴት፣ ቤተሰቡ ሌላ አገር ነው ብሎ የሚያምነው አባወራ፣ እነዚህ ሁሉ በከተማዋ መንገድ ይሄዳሉ። መንገዱ ሲነሣ እነርሱም ይነሣሉ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ያለው አደባባይ የማሕሙድ ሐርቢ ከመባሉ በፊት የተጠራበት ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 በሐረር ራሱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ካሜራው የመጣለት ከሊዮን ነው፤ ሥዕሎቹ በመጥፎ ውኃ በመታጠባቸው መንጣታቸውንም ለቤተሰቡ ጽፏል። በዚያ ዘመን ካሜራ ከባድ፣ ሥራውም አዝጋሚ ስለነበር የሚነሣው ሰው መነሣቱን ሳያውቅ መነሣቱ ብርቅ ነበር፤ ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። ፈቃድን ያስጠበቀው የመሣሪያው ዝግታ እንጂ የአንሺው ጨዋነት አልነበረም ማለት ይቻላል። መሣሪያው ሲፈጥን ያ ጥበቃ ቀረ። በቦታው ሊተካ የሚችለው የአንሺው ኅሊና ብቻ ነው።

ለአንሺው የሚቆም ጠበቃ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ኃላፊነት ያለ እውቀት አይኖርም፤ በዳር የገባውን ያላየ ሰው እንዴት ይወቀሳል? ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አለማየት አንድ ነገር ነው፤ እንዳያዩ ሆኖ መቆም ሌላ ነገር ነው። ሌሊት መብራት በሌለበት መንገድ ላይ ሰው የገጨ ሾፌርና መብራቱን ራሱ አጥፍቶ የገጨ ሾፌር ሁለቱም ሰውየውን አላዩም፤ ፍርዳቸው ግን አንድ አይደለም። መመልከቻው ዳሩን እንደማያሳይ እያወቀ የሚያነሣ ሰው ዳር የቆመውን ሰው ባያውቀውም፣ ዳር ላይ ሰው ሊኖር እንደሚችል ያውቃል። ይህን ያህል ማወቅ ለመጠየቅ ይበቃል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረት ለአፍ የተነገረ ቢሆንም ለዓይንም ይሠራል።

ሕግ በዚህ ላይ የሚለው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ተከታዩ ቁጥር ደግሞ በሕዝብ ፊት ለተፈጸመ ነገርና መሰል ጉዳዮች ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። ሕጉ የሚቆጣጠረው ማሳየትን ነው። ይህ ጥበብ አለበት፤ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነውና። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ከተፈጸመ በኋላ ነው። በዳር የተገኘው ሰው መነሣቱን ካላወቀ፣ ሥዕሉም በሌላ አገር ቢታይ፣ የትኛው ከሳሽ በየትኛው ችሎት ይቆማል? ሕጉ በማይደርስበት በዚህ ቦታ የሚቀረው የአንሺው ጥንቃቄ ነው።

ታዲያ የትኛው መመልከቻ ይመረጣል? በጅቡቲ የሚነገረው ፈረንሳይኛ ዕቃውን «ቪዘር» ይለዋል፤ ቃሉ ማነጣጠር ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ዒላማውን እንጂ ዙሪያውን አይነካም። አማርኛው «መመልከቻ» ይላል። መመልከት ደግሞ በአማርኛ ማየት ብቻ አይደለም፤ «ጉዳዩ ይመለከተዋል» የተባለ ሰው ኃላፊነት አለበት ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ዳሩን በጥቁር የሚከልለው መመልከቻ ለዓይን ንጹሕ ሥዕል ይሰጣል፤ ነገር ግን ዓለም በክፈፉ ላይ የሚያበቃ ያስመስላል። በብርሃን መሥመር የሚያሰምረው ከመሥመሩ ውጭ የቆመውን፣ ሊገባ የሚራመደውን፣ ሳይገባ የቀረውንም ያሳያል። ቀኑ ሲጨልም መሥመሩ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታውም ይጠፋል። ይህ ጉድለቱ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤትን ከማሳየቱ የተነሣ ለመንገድ ሥራ የተሻለው እርሱ ነው።

«ኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ይህን ሁሉ አይፈታውምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ የሬንጅፋይንደር ካሜራ ላይ እንኳ ሌንሱ የሚያየውን ራሱን የሚያሳይ መስኮት መሰካት ተችሏል። እውነት ነው፤ ይህ መስኮት «ምን አነሣሁ?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። «ምን ተውሁ?» ለሚለው ግን መልስ የለውም፤ ከክፈፉ ውጭ ያለውን ፈጽሞ አያሳይምና። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አያንስም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ምስል ዓለምን ለእርዳታ አስነሥቷል፤ ብዙ ሕይወትም ተርፎበታል። ከዚያ በኋላ የተሰራጩት የረኃቡ ሥዕሎች ግን በአብዛኛው የተራበውን ሰው ብቻ ያሳዩ ነበር፤ ረኃቡን ያባባሰው ጦርነት ከክፈፉ ውጭ ቀረ። ኢትዮጵያዊ በሄደበት አገር ሁሉ ለዓመታት ከዚያ ክፈፍ ጋር ሲገናኝ ኖሯል። በትክክል ያነሣ ሁሉ ሚዛናዊ ነው ማለት እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ዳርን ሁሉ ማጽዳት መፍትሔ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ዘመን ፎቶግራፎችን የሚመረምር ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በባቡሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በመዝገብ ባልሰፈረው፣ ከሥዕሉ ዳር በቆሙት ሠራተኞች ላይም ነው። አንሺው ባቡሩን ፈለገ፤ ዳሩ ግን ሰዎቹን ለልጅ ልጅ አቆየ። ጠንቃቃ የሆነ ሁሉ ዳሩን ቢቆርጥ ኖሮ የድሃው ታሪክ ይበልጥ በጠፋ ነበር። ስለዚህ ዳሩ ዕዳም ስጦታም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው ሥዕሉ በወጣበት ጊዜና በታየበት ቦታ ነው። የዛሬው ወጣት ፊት ከመቶ ዓመት በኋላ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሳምንት ግን ለእርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ከባድ አይደለም። ካሜራውን ወደ ዓይን ከማንሣት በፊት ግራና ቀኙን በባዶ ዓይን መቃኘት፤ ከወገብ ሥር ደብቆ ከማንሣት ይልቅ ሰው እንዲያይ አድርጎ ማንሣት፣ የተነሣ ካሜራ ራሱ ማስታወቂያ ነውና፤ ዳር የቆመው ሰው ፊቱን ቢያዞር መጠበቅ፣ ቢቀርብ ሰላምታ መስጠት፤ ሥዕሉ ከወጣም በኋላ ለሌላ ከማሳየት በፊት መሐሉን ትቶ በመጀመሪያ አራቱን ማዕዘን መመርመር። እነዚህን ሁሉ የትኛውም መመልከቻ፣ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ ለባለቤቱ አይሠራለትም። ዳሩ አስቀድሞ በዚያ የቆመው ሰው ነው። ካነሡት በኋላ ሥዕሉ የአንሺው ይሆናል፤ አብሮትም መልስ የመስጠት ግዴታው የአንሺው ይሆናል።